ከስትሮክስታውን የተገኙት ደብዳቤዎችና የእማዬ ተከራይ

ባለፈው መጋቢት አንድ ሌሊት ናይት ሺፍት ላይ ሆኜ፣ ሻይ በምጠጣባት ሃያ ደቂቃ ውስጥ የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። «ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። ሰርቪሱን አሁን ባለው ገበያ ብናከራየው በወር 9 ሺ ብር ይገባል። ለእማዬ አስታማሚ ብንቀጥር 8 ሺ ነው። ሴትየዋ ምትከፍለው 3 ሺ 500 ነው፣ እሱንም አምስት ወር አልከፈለችም። ስለዚህ ትውጣ።» ወንድሜ ወዲያው ላይክ አደረገ፣ ትልቋ እህቴ ከሜሪላንድ «ልክ ነሽ የኔ እናት» አለች፣ እኔም ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ክፉ ነገር የሠራሁ አልመሰለኝም። እናቴ ታማለች፣ መታከም አለባት፣ በቃ ሌላ ምንም አልታየኝም።

ወር ሳይሞላኝ ያንኑ ሂሳብ ሌላ ሰው ከ180 ዓመት ገደማ በፊት በቀለም ጽፎት አገኘሁት።

ምኖርበትን ቦታ ለማታውቁት፣ ሮስኮመን ማለት አየርላንድ መሀል አገር ወደ ምዕራብ ጠጋ ብሎ ያለ ገጠር ነው። በምሥራቅ ሻነን ወንዝ ያዋስነዋል፣ ከብት አለ፣ በግ አለ፣ ረግረግ አለ፣ የድንጋይ ካብ አለ፣ ዝናቡን አታንሱብኝ። እዚህ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ከኢትዮጵያ ነኝ ስትሏቸው መጀመሪያ ሚያነሱላችሁ በዓቢይ ጾም ጠረጴዛ ላይ ሚቀመጠውን ትሮከራ የሚባለውን የእርዳታ ድርጅት የካርቶን ሳጥን ነው፣ ለኛ አገር ሳንቲም ሲያጠራቅሙበት የኖሩትን። ከዛ የ1977ን ድርቅ ያነሳሉ። ከዛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኛም ላይ ደርሷል» ይላሉ፣ የራሳቸውን ክፉ ቀን ማለታቸው ነው፣ በ1845 ድንቹ መሬት ውስጥ እንዳለ መበስበስ ሲጀምር የመጣውን። አንዳንዴ ትላንት የሆነ ነው ሚመስለው አነጋገራቸው። (ከዚህ በታች የአየርላንዱን ነገር ስጽፍ ቀኑ በሙሉ በፈረንጆቹ ነው፣ የኛን ስጽፍ ደግሞ በኛ።)

ሥራዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፣ ነርሲንግ ሆም። እዛ አንድ አባት አሉ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ አንዳንድ ነገራቸውንም ሆን ብዬ ቀይሬዋለሁ፣ እኔ በልቤ አባባ ነው ምላቸው። ከ90 በላይ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ገበሬ፣ አሁን ዓይናቸው በጣም ስለደከመ ደብዳቤ ሲመጣላቸው ማነብላቸው እኔ ነኝ። አየርላንድ ገጠር ውስጥ እስካሁን ደብዳቤ ይመጣል፣ አረንጓዴዋ የፖስታ መኪና ትመጣለች፣ ፖስተኛው የሁሉንም ቤት ጉዳይ ያውቃል። ለአባባ ሦስት ዓይነት ደብዳቤ ነው ሚመጣላቸው፦ የሆስፒታል ቀጠሮ፣ የጠበቃቸው ደብዳቤ (እዚህ ሶሊሲተር ነው ሚሉት)፣ እና ቦስተን ያለችው ልጃቸው በእጇ ምትጽፈው። እኔን ሚገርመኝ ሦስቱ ሁሌ ስለ አንድ ነገር ናቸው። ሐኪሙ እንዲህ አለ፣ ስለዚህ ፎርሙ ይሞላ፣ ፎርሙ ከተሞላ መሬቱ ይገመት፣ መሬቱ ከተገመተ ሣሩን የተከራየው ጎረቤት ምን ይሁን። ልጅቷ ስለ ናፍቆት ጀምራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስለ ተከራዩ ነው ምትጨርሰው።

ይሄ ከራሷ የመጣ አይደለም፣ አሠራሩ ነው። እዚህ የመጦሪያ ወጪ ሚሸፈነው ፌር ዲል በሚባል የመንግሥት ስኪም ነው። ሰውየው ከገቢው 80 በመቶ ይከፍላል፣ ከንብረቱ ግምት ደግሞ በየዓመቱ 7.5 በመቶ፣ የቀረውን መንግሥት ይሞላል። መኖሪያ ቤት ሚታሰበው ለ3 ዓመት ብቻ ነው፣ ከ2021 ወዲህ እርሻም እንደዛው ሆኗል፣ ግን አንድ ወራሽ መሬቱን 6 ዓመት አርስበታለሁ ብሎ ከፈረመ ነው። የአባባ ልጅ ደግሞ ቦስተን ናት፣ ከቦስተን ሆኖ ላም አይታለብም። ስለዚህ የአባትየው መታመም የመሬቱ ጥያቄ ሆነ፣ የመሬቱ ጥያቄ የጎረቤቱ ጥያቄ ሆነ። ጎረቤቱ ሣሩን የያዘው በ11 ወር ውል ነው። ለምን 12 አይሆንም ብዬ አባባን ስጠይቃቸው ምን አሉኝ፣ «12 ከሆነ እኮ መብት ያወጣል»። ይሄ ልማድ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለጭሰኛ መብት የሰጡት የመሬት ሕጎች ከወጡ በኋላ ነው፣ አከራዮች ከሕጉ ለማምለጥ አንድ ወር ቀነሱ፣ ያቺ የጎደለች ወር እስከዛሬ አለች።

አባባ ራሳቸው የጭሰኛ ልጅ ልጅ ናቸው። አያታቸው መሬቱን የገዙት በ1903ቱ ሕግ ነው፣ መንግሥት ለባለርስቱ ከፍሎ ጭሰኛው ለመንግሥት በ68 ዓመት ተኩል ቀስ እያለ ሚመልስበት ሕግ። አያት የጀመሩትን ክፍያ አባባ ጎልማሳ ሆነው ይከፍሉ ነበር። እና አንድ ቀን የጠበቃውን ደብዳቤ አንብቤላቸው ስጨርስ ዝም ብለው ቆዩና «ስትሮክስታውን ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም። «ሂጂ። ደብዳቤ ማንበብ ከወደድሽ እዛ አለልሽ።»

ሄድኩ። መንገዱ አንድ ትንሽ ከተማ ላይ ይደርሳል፣ ለከተማዋ መጠን በማይታመን ሁኔታ የሰፋ ዋና ጎዳና አላት፣ ጎዳናው ጫፍ ላይ በር፣ ከበሩ ውስጥ የባለርስቶቹ የማሆን ቤተሰብ ግቢ። ቤቱ ውስጥ ኩሽናው ላይ ዙሪያውን እንደ ሰገነት ያለ ነገር አለው፣ እመቤቲቱ ኩሽና ሳትወርድ የሳምንቱን ምግብ ዝርዝር ከላይ ምትጥልበት፣ ሠራተኞቹ ደግሞ በግቢው እንዳይታዩ ሚሄዱበት ከመሬት በታች የተሠራ መተላለፊያ አለ። በ1979 አንድ የአካባቢው ሰው ለጋራዡ ቦታ ፈልጎ ግቢውን ከቤተሰቡ ገዛ፣ የርስቱን ጽሕፈት ቤት ሲከፍተው ከ50 ሺ በላይ ወረቀት። ደብዳቤ፣ የኪራይ መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ ካርታ። ሰውየው ሊጥለው ይችል ነበር እኮ። አልጣለውም፣ አነበበው፣ ከዛ እዛው ግቢ ውስጥ የረሃቡን ሙዚየም አቋቋመበት፣ በ1994 ፕሬዚዳንት ሜሪ ሮቢንሰን ከፈተችው።

እኔ ረሃብ ላይ ሚሆነውን ለማየት ነበር የተዘጋጀሁት። ያገኘሁት ግን መጀመሪያ ላይ የአንድ ሰው ሕመም ነው።

የርስቱ ባለቤት የነበረው ሦስተኛው ሎርድ ሃርትላንድ በ1836 አእምሮው ታውኳል ተብሎ ተፈረደበት። ርስቱ ቻንስሪ በሚባለው ፍርድ ቤት ሥር ገባ፣ ሞግዚቱ ማን ይሁን ብለው ዘመዶቹ ተካሰሱ። እንግዲህ አስቡት፣ ባለቤቱ ታሞ ተዘግቶበታል፣ ቤተሰቡ በጠበቃ ይጻጻፋል፣ መሬቱን ግን በቅጡ ሚያስተዳድረው ሰው የለም። ኪራይ ይወዘፋል። ጭሰኛው መሬቱን ለልጆቹ ይሸነሽናል፣ ልጆቹ ለልጆቻቸው ይሸነሽናሉ፣ በትንሽ ቁራሽ መሬት ላይ ቤተሰብ ሊያኖር ሚችለው ድንች ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ድንች ላይ ተንጠለጠለ። ሎርዱ ሞቶ ዘመዱ ሻለቃ ዴኒስ ማሆን ርስቱን ሲወርስ ቀኑ ኖቬምበር 1845 ነው፣ ድንቹ መበስበስ በጀመረበት መኸር። ሻለቃው የወረሰው መሬት ብቻ አይደለም፣ በአሥር ሺዎች ሚቆጠር ፓውንድ ዕዳና የዓመታት ውዝፍ ኪራይ ጭምር ነው።

ይሄን እያነበብኩ እጄ ቀዘቀዘ፣ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከመስታወቱ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች አንዱ በኦገስት 1846 ክሉናሂ ከሚባል የርስቱ ቀበሌ ጭሰኞች የጻፉት አቤቱታ ነው። ስላስቸገርናችሁ ይቅርታ ብለው ይጀምራሉ። ቤተሰባችን ዓይናችን እያየ እየተሠቃየ ነው፣ የልጆቻችንን የራብ ለቅሶ ከዚህ በላይ መቻል አልቻልንም፣ ድንቻችን በስብሷል፣ እህልም የለንም ይላሉ። ከዛ፣ እኛ ራብ ካልገፋን በቀር ከእግዚአብሔርና ከአገር ሕግ ውጪ ምንም ማድረግ አንፈልግም ይላሉ። እኔ ይሄንን አጻጻፍ አውቀዋለሁ። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የጽሕፈት መኪና ጭኑ ላይ አድርጎ ሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ሚጽፈው ነው፣ «ለክቡር፣ ጉዳዩ፣ በታላቅ ትሕትና» ብሎ ጀምሮ አራተኛው አንቀጽ ላይ የሰውየው እውነተኛ ድምፅ ሚያመልጠው። 50 ሺ ወረቀት ውስጥ አብዛኛው ባለርስቱ ለወኪሉ፣ ወኪሉ ለጠበቃው፣ ዘመድ ለዘመድ የጻፈው ነው። ጭሰኛው በራሱ አፍ ሚናገርበት ጥቂቱ ነው፣ በተረፈው መዝገብ ላይ ያለ ስምና ውዝፍ ነው።

ከዛ የወኪሉ። ወኪሉ ጆን ሮስ ማሆን ይባላል፣ የደብሊን ሰው ነው። የሱን ስሌት ለመረዳት አንድ ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል፦ በዛን ጊዜ ለድሆች ሚሰበሰብ ግብር ነበረ፣ ዓመታዊ ግምቱ ከ4 ፓውንድ ለማይበልጥ ይዞታ ግብሩን ሚከፍለው ጭሰኛው ሳይሆን ባለርስቱ ነው። ድሃ ጭሰኛ በበዛ ቁጥር ባለርስቱ ይበልጥ ይከፍላል። ወኪሉ ቁጭ ብሎ አሰላ፣ እነዚህን ሰዎች ሮስኮመን ባለው የድሆች ማጎሪያ አንድ ዓመት ከማኖር ወደ ካናዳ መላክ ግማሽ ያህል ወጪ ነው ሚጠይቀው አለ። ስለዚህ ይሂዱ።

ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ ትውጣ። መስታወቱ ፊት ቆሜ ስልኬን አወጣሁና የራሴን መልዕክት ደግሜ አነበብኩት። አጠገቤ የነበሩ ሁለት ጎብኚዎች ደህና ነሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም።

ከርስቱ 1,490 ሰዎች ተነሱ፣ ሜይ 1847። ከስትሮክስታውን እስከ ደብሊን በቦዩ ዳር ዳር በእግራቸው ሄዱ፣ የርስቱ ሰው መርከብ እስኪሳፈሩ አብሯቸው ነበር እንዳይመለሱ። ያ መንገድ ዛሬ 165 ኪሎሜትር የመታሰቢያ የእግር መንገድ ሆኗል፣ በየቦታው ከነሐስ የተሠራ የሕፃን ጫማ አለ፣ እኔ ከመጀመሪያው ጫማ አላለፍኩም፣ አልቻልኩም። ከደብሊን ሊቨርፑል፣ ከሊቨርፑል ኩቤክ። ከመርከቦቹ አንዷ ቨርጂኒየስ ትባላለች፣ 476 ሰው ጭና ነው የወጣችው፣ 158ቱ ባሕር ላይ ሞቱ፣ ተስቦ ነው የፈጃቸው። ከደረሱትም ብዙዎቹ ግሮስ ኢል በምትባለው የለይቶ ማቆያ ደሴት አለቁ። እዛ ቤተሰባቸው ያለቀባቸውን ወንድምና እህት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቤተሰብ አሳደጋቸው፣ በ2013 የአንዳቸው ዘር ስትሮክስታውን ተመልሶ መጣ። ወጪው በሙሉ ወደ 4 ሺ ፓውንድ። ወኪሉ ስለ ብሩ አልተሳሳተም፣ እኔን ያስፈራኝም ይሄ ነው፣ ሂሳቡ ልክ ነበር።

ሻለቃው ኖቬምበር 2 ቀን 1847 ማታ ተገደለ። ሮስኮመን ከተማ የድሆቹ ማጎሪያ ቦርድ ስብሰባ ላይ ውሎ በጋሪ እየተመለሰ፣ አንድ ሐኪም ወዳጁ አብሮት ተቀምጦ፣ መንገድ ላይ ተኩሰው ገደሉት። በዛ ሌሊት ኮረብታ ላይ የደስታ እሳት ነደደ ይባላል። በ1848 ሁለት ሰዎች ተሰቀሉ። የኤልፊኑ ጳጳስ ከርስቱ ተፈናቀሉ ያሏቸውን ሰዎች ቆጥረው አወጡ፣ 3,006። ማፈናቀሉ ግን በግድያው አልቆመም፣ ቀጠለ። የሻለቃው ልጅ በዛው ዓመት ነበር ያገባችው፣ ከአባቷ ሞት በኋላ ስትሮክስታውንን ዳግም አልረግጥም አለች። እሷም እኮ ልጅ ናት፣ አባቷን ነው የገደሉባት፣ ይሄንንም ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። የማንም ወገን ሆኜ ለማንበብ ሞክሬ ነበር፣ ለአንዱ ሳዝን ሌላው ይነሳል።

ሳልነግራችሁ ማለፍ ማልችለው ሌላ ነገር አለ። የእናቴ አባት አርሲ ውስጥ ጭሰኛ ነበር። እኩል አራሽ፣ ካመረተው እኩሌታውን ለባለመሬቱ ሚሰጥ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካዱ የሚባለው ፕሮጀክት አሰላ አካባቢ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያመጣ መሬቱ ዋጋ አወጣ፣ ባለመሬቶቹ ትራክተር ማስገባት ጀመሩ፣ ለትራክተር ደግሞ ጭሰኛ አያስፈልገውም። አያቴ ያን ጊዜ ነው የተነሳው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የመሬት አዋጁ ሲነገር እሱ አዲስ አበባ በረንዳ ላይ ዘበኛ ነበር፣ መሬት ላራሹ ሲባል ሚያርሰው መሬት አልነበረውም። እማዬ ይሄንን ስትነግረን ሁሌ አንድ ነገር ታስከትላለች፣ «ባለመሬቱ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ልጁን ውጪ አገር ሊያሳክም ብር ፈልጎ ነው»። ልጅ ሆኜ ለምን ታዝንለታለች ብዬ እናደድ ነበር።

አሁን የእማዬን ነገር ልንገራችሁ። እማዬ አየር ጤና ትንሽ ግቢ አላት፣ አባታችን ሲሞት የቀረላት፣ ከኋላ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለው። እዛ ስምንት ዓመት የኖረች አንዲት ሴት አለች ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ እንጀራ እየጋገረች ለሱቅ ታስረክባለች። እማዬ ካለፈው ዓመት ጀምሮ መርሳት ጀመረች፣ ሐኪሙ ዲሜንሺያ ነው አለ። ወንድሜ ባንክ ሲሄድ አልፈርምም ትላለች፣ ወይ ትፈርምና ረስታ አልፈረምኩም ትላለች። ስለዚህ ጠበቃ አማከረ፣ ጠበቃው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት እናትህ በፍርድ እንድትከለከል (ንብረቷን ራሷ አታስተዳድር እንዲባል) እናመልክት፣ አንተ ሞግዚት ትሆናለህ፣ ከዛ ተከራይዋን በስማቸው ማስወጣት ትችላለህ አለው። የኪራዩ አዲስ አዋጅ እንደልብ አያስወጣም፣ ግን ካልከፈለች መንገድ አለ፣ አምስት ወር አልከፈለችም።

አሁን ገባችሁ እጄ ለምን እንደቀዘቀዘ። የታመመ ባለቤት፣ ሞግዚት፣ ፍርድ ቤት፣ ውዝፍ፣ ጭሰኛ። በዚሁ ቅደም ተከተል።

የነርሲንግ ሆም ሥራ አንድ ነገር አስተምሮኛል። አየርላንድ ውስጥ አእምሮው የደከመን ሰው ጉዳይ ሚገዛው ሕግ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በ1871 የወጣው የእብዶች ሕግ ነበር፣ የሎርድ ሃርትላንድ ዘመን ታናሽ ወንድም በሉት። በ2015 የወጣው አዲሱ ሕግ ኤፕሪል 26 ቀን 2023 ነው ሥራ ላይ የዋለው፣ ያን ጊዜ ሁላችንም ሥልጠና ወስደናል። የአዲሱ ሕግ ሐሳብ፣ ሰው በጅምላ «ችሎታ የለውም» አይባልም፣ ችሎታው ለእያንዳንዱ ውሳኔ በዛች ሰዓት ነው ሚታየው። አባባ የዛሬን ቀን ላያውቁት ይችላሉ፣ ሣሩ ለማን ይከራይ ለሚለው ግን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ይሄንን ለሌላ ሰው አባት በየቀኑ እሠራበታለሁ፣ ለእናቴ ግን አንዴም አላሰብኩትም። ቅጠሩላት፣ ፈርሙላት፣ አስወጡላት ነው ስል የነበረው።

ከሙዚየሙ በተመለስኩ በማግስቱ ወንድሜን የሴትየዋን ስልክ ቁጥር ጠየቅኩት። «ምን ሊያደርግልሽ እትዬ?» አለኝ። ስምንት ዓመት ግቢያችን ስትኖር አንድ ቀን አናግሬያት አላውቅም እኮ፣ ስሟን ራሱ እማዬ ስትጠራት ነው የሰማሁት። ደወልኩላት። እንጀራ እየጋገረች ነበር፣ ምጣዱ ሲንሿሿ ይሰማል። ማን መሆኔን ስነግራት ምጣዱን አጥፍታ «እትዬ፣ እማማ ምን ሆኑ? አሁን ከሳቸው ጋ ነው የመጣሁት» ብላ ደነገጠች። ደህና ናት አልኳት። ከዛ ስለ ኪራዩ ጠየቅኳት፣ ቀስ ብዬ ለመጠየቅ ሞክሬ ነበር።

ዝም አለች፣ ረጅም ዝምታ። ከዛ «እማማ አልነገሯችሁም እንዴ?» አለችኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ኪራዩን አትክፈይ ያሏት እማዬ ናቸው። ሌሊት ፍርሃት ይዟቸው ስለነበረ መጥታ እግራቸው ሥር እንድትተኛ፣ መድኃኒት እንድትሰጣቸው፣ ለዛ ብለው። እሷ ደግሞ ወንድሜ ያወቀ መስሏት፣ ወንድሜ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሲመጣ እማዬ ታጥባ ቁርስ በልታ ሲያገኛት ብቻዋን የምትችል መስሎት። አምስት ወር አስታማሚ ነበረን። 3 ሺ 500 ብር ነበር በወር ምንከፍላት፣ አላወቅንም እንጂ።

ይሄን ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። እህቴ አለቀሰች፣ ወንድሜ ተናደደ፣ እሱን አልፈርድበትም፣ እዛ ሆኖ ሚንገላታው እሱ ነው፣ እኔና እህቴ ብርና አስተያየት ነው ምንልከው። ግን ጠበቃው የነገረውን ሲነግረን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እማዬ በፍርድ ስትከለከል ሕመሟ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጠየቃል፣ ከጥቅምት በፊት ነው ከተባለ ለሴትየዋ የገባችላት ቃል ይናጋል፣ አእምሮዋ በተናጋ ሰዓት የተሰጠ ቃል ነው ይባላል፣ ውዝፉም ውዝፍ ሆኖ ይቀራል። ሕመሙ ከዛ በኋላ ነው ከተባለ ሴትየዋ ዕዳ የለባትም። ስለዚህ እኛ ሦስት ልጆች እናታችን መቼ እንደጠፋችብን በምንናገረው ቀን ላይ የሌላ ሴት ቤት ተንጠልጥሏል። ወንድሜ ኤምባሲ ሄጄ ቃሌን በጽሑፍ እንድልክ ጠየቀኝ፣ እማዬ መርሳት የጀመረችው መቼ እንደሆነ።

ለአባባ ይሄን ነገርኳቸው፣ ደንብ አይፈቅድ ይሆናል ግን ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆይተው «ተከራይዋ ያለችውን ጽፎ ያስቀመጠ ሰው አለ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። ሌላ አልተናገሩም፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ማታ ቤት ገብቼ የእማዬን ቮይሶች ወደ ኋላ መስማት ጀመርኩ። ጥቅምት ላይ ስደርስ አንድ አራት ደቂቃ ሚሆን አገኘሁ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ግማሹን ሰምቼ የተውኩት። እማዬ መጀመሪያ በሟች አክስቴ ስም ነው ምትጠራኝ፣ ጤናሽን ነው ወይ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው ወይ ትለኛለች፣ ልጅ የለኝም። ከዛ ትንፋሽ ወሰድ አድርጋ፣ በዛው ድምፅ፣ «ለዚች ልጅ ኪራዩን ትቼላታለሁ፣ ማታ ማታ እየመጣች ታድርልኛለች፣ በነፃ ማስቸገር ነውር ነው፣ ወንድምሽ ቢጠይቅሽ እኔ ነኝ ያልኳት በይው» ትላለች። ከዛ ደግሞ መልሳ በአክስቴ ስም ትሰናበተኛለች።

ሁለቱም አንድ ቮይስ ውስጥ ናቸው። ሳልቆርጥ፣ ከነአክስቴ ስም፣ እንዳለ ለጠበቃውም ለወንድሜም ለሴትየዋም ላክሁት። ቀጠሮው ሐምሌ 9 ነው።